«እኔ እየከፈልኩ አንቺ ልትበይ ነው?»

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ከልጄ አባት ጋር ከተፋታን ስድስት ዓመት ሆነን። አንድ ወንድ ልጅ አለን። ያደገው እኔ ጋ ነው፤ አባቱ ጋ ቅዳሜና እሁድ እየሄደ ያድር ነበር። ስንፋታ ታክስ ላይ ልጁን ክሌም የሚያደርገው (በእኔ ሥር ያለ ጥገኛ ነው ብሎ የሚያስመዘግበው) አባቱ እንዲሆን ተስማማን። ያኔ ስለ ታክስ የማስብበት አቅም አልነበረኝም። ብቻ ይለፍልኝ ብዬ ፈረምኩ። ከዚያ ወዲህም ይህን መብት የምለቅበትን፣ ፎርም 8332 የሚሉትን በየዓመቱ እየፈረምኩ እሰጠዋለሁ።

ልጃችን ባለፈው ኦክቶበር 19 ዓመት ሞላው። እዚሁ ቨርጂኒያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነው። የሚኖረው ዶርም ነው፤ ለእረፍት የሚመጣው ግን እኔ ቤት ነው። ክፍሉም እንዳለች ናት። ከትምህርት ክፍያው አባቱ በዓመት ወደ 7 ሺህ ዶላር ይከፍላል። የቀረው በብድር ነው። መጽሐፉን፣ ስልኩን፣ የመኪና ኢንሹራንሱን፣ ሲመጣ ምግቡን የምችለው እኔ ነኝ። ነርሲንግ ሆም ነው የምሠራው፤ በ2025 ያገኘሁት 46 ሺህ ገደማ ነው።

ዘንድሮ ታክስ የሚሠራልኝ ሰው «ልጁን አንቺ ክሌም ብታደርጊው እኮ የኮሌጅ ክሬዲት ታገኚ ነበር» አለኝ። ይህንን ለአባቱ ብነግረው በስልክ ጮኸብኝ። «እኔ እየከፈልኩ አንቺ ልትበይ ነው?» አለኝ። እሱ ሌላ ትዳር አልያዘም። ደሞዙ መቶ ሺህ ማለፉን ራሱ ነው የነገረኝ። የንስሐ አባቴ ለሰላም ብለሽ ፈርሚለት አሉኝ። ልጄም ደውሎ «እማዬ፣ በቃ ፈርሚለትና ይለፍ» አለኝ። እሱ ሲለኝ ነው ያለቀስኩት። ስግብግብ ሆኜ ነው? ወይስ መብቴ ነው? እባክዎ ይምከሩኝ።

እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ

* * *

እህቴ፣

ስግብግብ አይደለሽም። ስድስት ዓመት ስትፈርሚ የኖርሽ ሰው ነሽ። ዘንድሮ ብዕር ከማንሳትሽ በፊት «እስቲ ልጠይቅ» ማለትሽ ስግብግብነት አይባልም።

ደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ቃል ቆም አደረገኝ። «ይለፍ» የሚለው። መጀመሪያ አንቺ ስትፋቺ አልሽው። አሁን ደግሞ ልጅሽ መልሶ ለአንቺ አለሽ። ያለቀስሽው በገንዘቡ ነው ወይስ የራስሽን ቃል ከልጅሽ አፍ ስለሰማሽ? ለእኔ ልትመልሺልኝ አይገባም፤ ለራስሽ ግን መልሺው። እስከዚያው ከገንዘቡ ልጀምር። እሱ ከጠራ ሌላው ይቀላል።

ታክስ የሚሠራልሽ ሰው ያነሳው አሜሪካን ኦፖርቹኒቲ ታክስ ክሬዲት የሚባለውን ነው። ክሬዲት ማለት ከሚከፈለው ታክስ ላይ የሚቀነስ ገንዘብ ነው። ለአንድ ተማሪ በዓመት እስከ 2,500 ዶላር ይሰጣል። ለትምህርት ክፍያና ለመጽሐፍ ከወጣው ገንዘብ የመጀመሪያውን 2,000 ዶላር ሙሉውን፣ ከሚቀጥለው 2,000 ደግሞ ሩቡን ይመልሳል። ስለዚህ 4,000 ዶላር ወጪ ካለ ሙሉው ይገኛል። ከዚያ ውስጥ እስከ 1,000 ዶላር የሚሆነው ምንም የምትከፍይው ታክስ ባይኖር እንኳ በሪፈንድ ይመጣል። የዶርምና የምግብ ወጪ አይቆጠርም። በስኮላርሺፕ የተሸፈነውም አይቆጠርም። በብድር የተከፈለ የትምህርት ክፍያ ግን ይቆጠራል።

ይህን ክሬዲት መውሰድ የሚችለው ልጁን ዲፔንደንት (ጥገኛ) አድርጎ ክሌም የሚያደርገው ወላጅ ብቻ ነው። ለሁለት ወላጅ አይከፋፈልም። ደግሞም የገቢ ጣሪያ አለው። ያላገባ ሰው ገቢው 80 ሺህ ሲያልፍ ክሬዲቱ መቀነስ ይጀምራል፤ 90 ሺህ ሲደርስ ዜሮ ይሆናል። የልጅሽ አባት እንዳለው ገቢው ከመቶ ሺህ በላይ ከሆነ፣ አንቺ ብትፈርሚለትም ባትፈርሚለትም ከዚህ ክሬዲት አንድ ሳንቲም አያገኝም። ከደሞዙ ለጡረታ ብዙ የሚያስቀምጥ ከሆነ ታክሱ ላይ የሚታየው ገቢ ዝቅ ሊል ስለሚችል፣ ቁጥሩን ራሱ ከወረቀቱ ላይ ይመልከተው። አለበለዚያ ልጁን ክሌም በማድረጉ የሚያገኘው 17 ዓመት ለሞላው ዲፔንደንት የሚሰጠውን 500 ዶላር ብቻ ነው።

አንቺ ጋ ሲሆን ሁለቱም አሉ፤ 2,500ውም 500ውም። የቤቱን ወጪ ከግማሽ በላይ የምትችይው አንቺ ከሆንሽ ሄድ ኦፍ ሀውስሆልድ (የቤተሰብ ኃላፊ) ሆነሽ ነው የምትሠሪው። በዚህ መደብ የ2025 ተቀናሽ፣ ማለትም ታክስ የማይከፈልበት ገቢ፣ 23,625 ዶላር ነው። ይህ ከ46 ሺህ ሲቀነስ በቀሪው ላይ የሚመጣብሽ የፌደራል ታክስ 2,300 ዶላር አካባቢ ነው። ሁለቱ ክሬዲቶች ያንን ሸፍነው ይተርፋሉ። ዓመቱን ሙሉ ከደሞዝሽ የተቆረጠው የፌደራል ታክስም አብሮ ይመለስልሻል።

እንግዲህ የተጣላችሁበት 2,500 ዶላር ከእሱ ኪስ ወጥቶ አንቺ ኪስ የሚገባ ገንዘብ አይደለም። እሱ ልጁን ክሌም ካደረገ ማንም ሳይወስደው የሚቀር ነው። ልጃችሁም አይጠቀምበትም። እኔን የከነከነኝ ይህ ነው።

በ2024 ያመለጠሽ ነገር ካለ አትብሰልሰዪ። ክሬዲቱ ለአንድ ተማሪ አራት የታክስ ዓመት ብቻ ነው የሚሰጠው፤ የሚቆጠረው ግን የተወሰደበት ዓመት ነው። አባቱ በ2024 በገቢው ምክንያት ካልወሰደው ያ ዓመት አልተነካም። ልጅሽ በ2024 ገብቶ በ2028 ሜይ ላይ ቢመረቅ ትምህርቱ አምስት የታክስ ዓመት ይነካል። ከ2025 እስከ 2028 አራቱም ዓመት ገና በእጃችሁ ነው። በየዓመቱ ሙሉው ከተገኘ 10 ሺህ ዶላር ነው።

«እሱ የከፈለውስ?» ትዪኝ ይሆናል። እሱ ቢከፍልም፣ አያቱ ቢከፍሉም፣ ልጁ ተበድሮ ቢከፍልም፣ ሕጉ ልጁ ራሱ እንደከፈለው ነው የሚያየው። ልጁ የከፈለው ደግሞ ክሌም ላደረገው ወላጅ ይቆጠራል። ስለዚህ የአባቱ 7 ሺህ ዶላር አንቺ ታክስ ላይ ይገባል።

እዚህ ላይ ግን እባክሽ የእሱንም ስሜት ለአፍታ እዪለት። ከደሞዙ ቆርጦ በዓመት 7 ሺህ ዶላር ይከፍላል። ታክስ ሲሠራ ግን የልጁ ስም የእሱ ወረቀት ላይ አይኖርም። ልጁን ለዓመታት ቅዳሜና እሁድ ብቻ ሲያይ ለኖረ አባት ያ ስም ከ500 ዶላር በላይ ሊሆንበት ይችላል። መጮሁ ትክክል ነው አላልኩም። የጮኸው ግን በገንዘቡ ብቻ አይመስለኝም።

ስለ ፎርም 8332 ደግሞ በቀላሉ የምትታለፍ አንድ ነጥብ አለች። ፎርሙ ልጁ አብሮት የሚኖረው ወላጅ ለሌላው «ለቅቄልሃለሁ» የሚልበት ነው። የሚያገለግለው ግን ልጁ በወላጆቹ አሳዳጊነት ሥር ሆኖ ከዓመቱ ከግማሽ በላይ ሲያሳልፍ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ልጅ 18 ሲሞላው ለአቅመ አዳም ደርሷል፤ የሚያሳድገው ወላጅ የለውም። ልጅሽ 18 የሞላው ኦክቶበር 2024 ላይ ነው። የዚያን ዓመት አብዛኛውን በአሳዳጊነታችሁ ሥር ስለነበረ ያኔ የፈረምሽው ልክ ነበር። በ2025 ግን ከጃንዋሪ ጀምሮ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ነው። ፎርሙ የተመሠረተበት ደንብ አሁን እሱን አይመለከተውም። ብትፈርሚም ፊርማሽ ለአባቱ መብት አይፈጥርለትም።

ታዲያ በምን ይወሰናል? በተለመደው ደንብ ነዋ። ልጁ ከ24 ዓመት በታች የሆነ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ነው። ከራሱ ወጪ ከግማሽ በላይ ራሱ አለመቻሉን ግን አረጋግጪ። ከግማሽ ዓመት በላይ የኖረው ከማን ጋር ነው? ዶርም ያደረባቸው ሌሊቶች ለትምህርት ሲባል የተደረገ ጊዜያዊ መለየት ስለሆኑ፣ ቤቱ እንዳደረ ነው የሚቆጠርለት። ቤቱ ደግሞ አንቺ ጋ ነው። «ክፍሉም እንዳለች ናት» ብለሽ ጣል ያደረግሻት ነገር እዚህ ላይ ትልቅ ዋጋ አላት።

ይህን ስላነበብሽ ብቻ ግን ዛሬውኑ ታክስሽን እንዳታስገቢ። መጀመሪያ የፍቺ ውሳኔሽን ከተቀመጠበት አውጪው። ስለ ታክስ የሚለውን አንቀጽ ቃል በቃል አንብቢው። «18 እስኪሞላው» ይላል? «የልጅ ማሳደጊያ እስከከፈለ ድረስ» ይላል? ወይስ ኮሌጅን በስም ይጠቅሳል? አይአርኤስ (የፌደራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት) የሚሄደው በፌደራሉ ሕግ ነው፤ የፍቺ ውሳኔ ያንን ሕግ አይለውጠውም። ውሳኔውን የሰጠው ፍርድ ቤት ግን «ለምን አላከበርሽም?» ብሎ ሊጠይቅሽ ይችላል። አንቀጹ 18 ላይ የሚያበቃ ከሆነ እፎይ በይ። ኮሌጅንም የሚጨምር ከሆነ የፍቺ ጉዳይ ከሚይዝ ጠበቃ ጋር አንድ ሰዓት ተነጋገሪ። የጠበቃው ክፍያ ከከበደሽ ሊጋል ኤይድ የሚባሉትን የሕግ ድጋፍ ቢሮዎች ጠይቂ።

ከዚያ ወደ አባቱ ተመለሺ። በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን። ስልክ ላይ እሱ ይጮሃል፣ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ ቁጥሩ ሳይነሳ ጥሪው ይዘጋል። በጽሑፍ ከሆነ ብስጭቱ ሲበርድለት ደግሞ ያነበዋል። ለምሳሌ እንዲህ ብትይው፦

«የልጃችንን ትምህርት እየከፈልክ ስለሆነ አመሰግንሃለሁ። ስለ ታክሱ አንድ ነገር አጣራሁ። የኮሌጁ ክሬዲት 2,500 ዶላር ነው፤ ገቢው ከ90 ሺህ በላይ ለሆነ ያላገባ ሰው አይሰጥም። እኔ ክሌም ካደረግኩት ግን ይሰጣል። አንተ የምታጣው 500 ዶላር ነው። እሱን እኔ እመልስልሃለሁ። 2,500ውን ምን እናድርገው የሚለውን አብረን እንወስን። ቁጥሩን ታክስ የሚሠራልህን ሰው ጠይቀው።»

አየሽ፣ 500ውን ብትመልሺለት እንኳ 2,500ው ይቀራል። እሱ በገንዘብ አልተጎዳም። ከ2,500ው የተወሰነው የሚቀጥለው ሴሚስተር ክፍያ ላይ ቢገባና የእሱ ድርሻ በዚያው ቢቀንስለት፣ «አንቺ ልትበይ ነው?» ለሚለው መልስ ሆነ ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ግማሹ ለክፍያው፣ ግማሹ አንቺ ለምትችይው መጽሐፍና ኢንሹራንስ ቢሆን ተገቢ ነው። ከተስማማችሁ በሁለት መስመር ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት።

እዚህ ላይ ግን ቆም ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። ይህን የምትሰጪው ልክ ነው ብለሽ ስላመንሽ ነው? ወይስ ድምፁ ከፍ እንዳይል ፈርተሽ? የመጀመሪያው ከሆነ ስጪ። ሁለተኛው ከሆነ አታጣድፊው፤ ሁለት ሳምንት እደሪበት። ታክስ የሚገባው እስከ ኤፕሪል 15 ነው፤ ጊዜ አለሽ።

የንስሐ አባትሽ ስለ ሰላም መጨነቃቸው ትክክል ነው። ግን ቁጥሩን ያዩት አይመስለኝም። ተመለሺና በእርጋታ አስረጂያቸው። «አባቴ፣ ብፈርምም እሱ አያገኘውም፤ ልጁም ያጣዋል» በያቸው። አባቱም የሚያከብራቸው ከሆነ፣ ሁለታችሁን አስቀምጠው ሊያነጋግሯችሁ ይችላሉ። ለእንዲህ ያለው ነገር ሽማግሌ ጥሩ ነው፤ ብቻ ሽማግሌው ፊት ወረቀቱም ይቅረብ።

ለማንኛውም፣ ሳትስማሙ እሱ ቀድሞ ልጁን ክሌም አድርጎ ቢያስገባስ? አትደንግጪ። ከአይአርኤስ አይፒ ፒን የሚባለውን ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር አውጪ። እሱ ካለሽ ልጁ በሌላ ሰው ክሌም ቢደረግም የአንቺን በኢንተርኔት ይቀበሉሻል። ከዚያ አይአርኤስ ለሁለታችሁም ደብዳቤ ሊልክ ይችላል። ስለዚህ ልጁ አንቺ ጋ እንደሚኖር የሚያሳዩ ወረቀቶችን ካሁኑ ሰብስቢ፦ የአንቺ አድራሻ ያለበት መንጃ ፈቃዱ፣ ከዩኒቨርሲቲው ወደ ቤትሽ የመጣ ደብዳቤ፣ የጤና ኢንሹራንሱ።

ታክስ የሚሠራልሽን ሰው ስታገኚው አንድ ሌላ ነገር ጠይቂው። ገቢው ዝቅ ላለ ሠራተኛ የሚሰጠውን፣ ኧርንድ ኢንካም ክሬዲት የሚባለውን፣ ፎርሙን በፈረምሽባቸው ዓመታት ሠርቶልሻል? ብዙ እናቶች ፎርም 8332 ሲፈርሙ ሁሉንም የለቀቁ ይመስላቸዋል። እሱና ሄድ ኦፍ ሀውስሆልድ መባሉ ግን በፊርማ የሚተላለፉ አይደሉም፤ ልጁ አብሮት ከሚኖረው ወላጅ ጋ ነው የሚቀሩት። ለ2025 አንድ ልጅ ላለው ያላገባ ሰው የገቢው ጣሪያ 50 ሺህ ዶላር አለፍ ይላል፤ አንቺ ከዚያ በታች ነሽ። ባለፉት ዓመታት ቀርቶብሽ ከሆነ፣ ታክሱ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ሦስት ዓመት ሳያልፍ 1040-ኤክስ በሚባለው የማስተካከያ ፎርም ማስተካከል ይቻላል። ይህ አባቱን አይነካም፤ ከማንም ጋር አያጣላሽም።

ፋፍሳን (ለኮሌጅ የገንዘብ ድጋፍ የሚሞላውን ማመልከቻ) ከዚህ ጋር እንዳታደባልቂው። ታክስ ላይ ማን ክሌም እንዳደረገ ፋፍሳን አይመለከተውም። ከ2024–25 የትምህርት ዘመን ጀምሮ፣ ተፋተው ለየብቻ ከሚኖሩ ወላጆች ፋፍሳ ላይ የሚገባው ባለፉት 12 ወራት ለልጁ የበለጠውን ወጪ የቻለው ወላጅ ነው። ክፍያውን፣ ቤቱን፣ ምግቡን፣ ኢንሹራንሱን ደምራችሁ ማየት ይኖርባችኋል።

ታክስ የሚሠራልሽ ሰው ስለ 18 ዓመቷ ነገር እርግጠኛ ካልሆነ፣ ስለ ተፋቱ ሰዎች የተጻፈውን የአይአርኤስ ፐብሊኬሽን 504 እና ስለ ትምህርት ክሬዲት የተጻፈውን ፐብሊኬሽን 970 አብራችሁ ክፈቱት። ሁለተኛ ሰው ይይልኝ ካልሽም ቪታ የሚባለው ነጻ የታክስ አገልግሎት አለ፤ በ800-906-9887 ደውለሽ በአቅራቢያሽ ያለውን ቦታ መጠየቅ ትችያለሽ።

የቀረው ልጅሽ ነው። ልጁ አሁን በሁለታችሁ መሃል ቆሟል። አባቱ ክፍያውን እንዳያቆም ይፈራል፤ አንቺ እንዳትከፊ ይፈራል። «ይለፍ» ያለሽ አንቺን ትቶ ለአባቱ አድልቶ አይመስለኝም። የሚያውቀው መንገድ እሱ ስለሆነ ነው።

ዛሬ ማታ ደውዪለት። ፈርሚ ስላለሽ አትቆጪው፤ ስለ አባቱ መጮህም አታንሺበት። ከእሱ የሚፈለጉት ሁለት ነገሮች ብቻ እንደሆኑ ንገሪው። አንደኛ፣ ዩኒቨርሲቲው በጃንዋሪ መጨረሻ የሚያወጣውን፣ የትምህርት ክፍያውን የሚያሳየውን 1098-ቲ የሚባል ወረቀት ከተማሪ አካውንቱ አውርዶ ይላክልሽ። የገዛቸውን መጻሕፍት ደረሰኝም አብሮ። ሁለተኛ፣ ሠርቶ ያገኘው ደሞዝ ካለና የራሱን ታክስ በስልኩ የሚሠራ ከሆነ፣ «ሌላ ሰው ዲፔንደንት አድርጎ ክሌም ሊያደርገኝ ይችላል» የሚለውን ሳጥን ሳይረሳ ምልክት ያድርግበት። ያቺ ሳጥን ከተረሳች የአንቺን ታክስ አንቀበልም ብለው ሊመልሱብሽ ይችላሉ።

ከዚያ «ሌላውን እኔና አባትህ እንጨርሰዋለን፤ አንተ ፈተናህን አስብ» በዪው። ስለ ፈተናውም ጠይቂው፤ መቼ እንደሚመጣም ጠይቂው።